የባሌ እንቁራሪቶች እያለቁ ነው፤ እስቲ ስለ እነሱም እናውራ

የሐረና መንገደኛ

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ቤት ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ደጋ አጋዘን በየሳምንቱ ይወራል፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ እኔም ደስ እያለኝ አነባለሁ። ዛሬ ግን ማንም ዞር ብሎ ስለማያያቸው ብርቅዬዎች ላንሳ። ስለ እንቁራሪቶችና ስለ ጉርጦች።

አገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ (አምፊቢያን) ዝርያዎች አሏት። ከአሥሩ አራቱ ገደማ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኙም። ይህን ያህል ድርሻ ወፎቻችንም አጥቢዎቻችንም የላቸውም። ባሌ ደግሞ የተለየ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ካልሆነ ዓለምን ብትዞሩ የማታገኟቸው አሉ።

አንዷ ኤሪካባትራከስ ትባላለች። ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ የምትሆን የጅረት ዳር እንቁራሪት ናት። ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1991 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በወገኗ ብቸኛ ናት፣ እህት የምትባል ዝርያ የላትም። የሩቅ ዘመዶቿ ያሉት ካሜሩንና ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ሌላዋ ባሌብሬቪሴፕስ ናት፣ በ1989 የተመዘገበች። ድብልብል፣ እግረ አጭር፣ አፍንጫዋ ድፍጥጥ ያለ፣ ቀኑን ግንድ ስርና አፈር ውስጥ ተደብቃ የምትውል። እሷም በወገኗ ብቸኛ ናት። ሁለቱም የሚኖሩት የሐረና ደን ላይኛው ክፍል፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በሚበዛበት አካባቢ ነው።

ለምን አሁን አነሳሁት? ተመራማሪዎች ከ1971 እስከ 2009 ድረስ ባሌ ላይ በተደረጉ 15 የመስክ ጉዞዎች የተሰበሰበውን መረጃ አንድ ላይ አድርገው በ2013 አሳትመው ነበር። ቀላል መለኪያ ነው የተጠቀሙት፦ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ ስንት እንቁራሪት አገኘ? ውጤቱ ያሳዝናል። ኤሪካባትራከስ መጀመሪያ ከተገኘችበት ቦታ ጠፍታለች። ባሌብሬቪሴፕስ እዚያው ቦታ ላይ ቀንሳለች። ኦስጉዲ የሚባለው የደጋ ጉርጥ ደግሞ ከ1995 ወዲህ እስከዚያ ጥናት ድረስ በእርግጠኝነት የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ባሌ ስንት ዶክመንተሪ አየን፣ በ2023 ፓርኩ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ጨፈርን። ስለ እነዚህ ግን አንድ ቃል የሰማ ካለ ይንገረኝ።

ሜላት ሀዋሳ

እኔ በእውነት አልሰማሁም። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ክረምት ሲገባ እኛ ሰፈር ሐይቁ ዳር እንቁራሪት በጩኸት አያስተኛም። ገጠርም ስሄድ ረግረግ ባለበት ሁሉ አሉ። እና እንዴት ነው የሚያልቁት? እነዚያና እነዚህ ምን ይለያቸዋል?

የሐረና መንገደኛ

ሜላትዬ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐይቅ ዳር የምትሰሚያቸው አብዛኞቹ ሰፊ አገር ያላቸው ናቸው። ኩሬ ቢደርቅባቸው ሌላ ኩሬ አለ። እርሻ ውስጥም፣ የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥም ይራባሉ። የባሌዎቹ እንደዚያ አይደሉም። አንዳንዶቹ በአንድ ደን ውስጥ፣ በአንድ የከፍታ ክልል፣ በጥቂት ጅረቶች ዳር ብቻ ነው ያሉት። ያ ጅረት ሲበላሽ የሚሄዱበት የላቸውም።

ማልኮልሚ የምትባለውን ጉርጥ ውሰጂ። ሦስት ሳንቲሜትር እንኳ በቅጡ አትሞላም። እስከ 4000 ሜትር ከፍታ ድረስ፣ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ትኖራለች። እንቁላሏን ውሃ ውስጥ አትጥልም። እርጥብ ሣርና ሽበት (ድንጋይና ግንድ የሚያለብሰው ለስላሳ አረንጓዴ ነገር) ስር ትጥላለች፣ ብዙ እናቶች አንድ ቦታ ላይ ይጥላሉ። ልጆቹ ጭራ ይዘው ቢፈለፈሉም ኩሬ ሳይገቡ፣ እዚያው እርጥበት ላይ ሆነው ነው ወደ ጉርጥነት የሚለወጡት። አሁን አስቢው፣ ያ ሣር በከብት ቢረገጥ ወይም በእሳት ቢነድ የአንዲት እናት ብቻ ሳይሆን የብዙ እናቶች ልጆች በአንድ ቀን ይሄዳሉ።

ደግሞ «እንቁራሪት ሁሉ አንድ ነው» የምንለው ነገር በራሱ ችግር ነው። ደጋ ላይ ሣር ውስጥ የሚዘሉት እነዚያ ሹል አፍንጫ ያላቸው፣ ጀርባቸው ላይ መስመር ያለባቸው እንቁራሪቶች ለረጅም ጊዜ ጥቂት ዝርያዎች ናቸው ተብለው ነበር። የዘር ውርሳቸው፣ ድምፃቸውና የሰውነት ልካቸው ተጣምሮ ሲታይ በ2021 ብቻ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተመዘገቡ። ስምጥ ሸለቆው ደጋውን ለሁለት ከፍሎታል። ወዲያና ወዲህ ያሉት በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል።

የሪራ ልጅ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሪራ ነው። ሐረናን እንደ ጓሮዬ ነው የማውቀው። ጽሑፉን ከልቤ ነው ያነበብኩት፣ ግን የኛም ነገር ይሰማ።

ከብት ደን ውስጥ መግባቱ የዛሬ ነገር አይደለም። ጎዳንቱ እንለዋለን። ወቅቱን ጠብቆ ከብት ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል፣ ሣሩ ሲያልቅ ይመለሳል። አያቶቻችንም ያደርጉት ነበር። ልዩነቱ ዛሬ ሰውም ከብትም በዝቷል፣ የቆላው ግጦሽ ታርሷል፣ ስለዚህ ከብቱ ደን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ረዝሟል። አስታውም ይቃጠላል። ለምን ይቃጠላል ካላችሁ፣ ከቃጠሎ በኋላ የሚወጣው ለምለም ሣር ለከብት ይጠቅማል፣ አውሬም ይርቃል ይባላል። እኔ ደግፌው አይደለም። ምክንያቱን ሳያውቁ ሰውን ማውገዝ ግን ነገር አያቀናም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ልኮ ስብሰባ ተጠራን። ከብታችሁን አውጡ ተባልን። ስለ ኒያላ ተነገረን፣ ስለ ቀበሮ ተነገረን። ከብት ከወጣ ወዴት ይሂድ ብለን ጠየቅን፣ መልስ የለም። ስለ እንቁራሪት ደግሞ ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ትንፍሽ አላለም። እዚህ ያለው ሕዝብ እነዚህ ፍጥረቶች ከዚህ ጅረት በቀር ቤት እንደሌላቸው ቢነገረው የሚኮራ ሕዝብ ነው።

እኔ የማውቀውን አንድ ነገር ልናገር። ከብት ውሃ ሲጠጣ ምንጩ አፍ ላይ ገብቶ ይቆማል፣ ጭቃውን ያቦካዋል፣ ዳሩ ላይ ያለውን ሽበት የለበሰ ድንጋይ ያንከባልለዋል። ከሳምንት በኋላ ስትሄድ ምንጩ ጭቃ ሆኗል። ውሃው ግን በቧንቧ ትንሽ ወረድ ብሎ ገንዳ ውስጥ ቢገባ፣ ከብቱ ገንዳው ላይ ይጠጣል፣ ምንጩም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሰውም የሚጠጣው ውሃ ይጠራለታል። ይሄ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

የሐረና መንገደኛ

የሪራ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ። የገንዳውን ነገር በጣም ነው የወደድኩት። እነዚህ እንቁራሪቶች ለመትረፍ መላው ባሌ ታጥሮ ሰው ይውጣ አይሉም። የሚፈልጉት የጥቂት ጅረቶች ራስ ሳይረገጥ እንዲቆይ፣ ዳር ዳሩን ጥላ የሚሰጠው ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ወድቆ የበሰበሰው ግንድ እንዳይነሳ ነው። ለአንበሳ ወይም ለዝሆን ይህን ያህል ትንሽ ቦታ ይበቃል ብሎ መናገር አይቻልም። ለእነዚህ ግን ይቻላል።

መምህር አስናቀ

የመንደሩ ሰው ስለ ከብትና ስለ እሳት ስለተናገረ እኔ ስለ በሽታው ልጨምር። ባዮሎጂ አስተምራለሁ።

ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ። ጅራት ያላቸው፣ በዓይን የማይታዩ ዘሮች ውሃ ውስጥ እየዋኙ እንቁራሪቷ ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። የእንቁራሪት ቆዳ እንደኛ ቆዳ ሽፋን ብቻ አይደለም። በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ በቆዳዋ ውሃ ትጠጣለች፣ የሰውነቷን ጨው የምትቆጣጠረውም በቆዳዋ ነው። ፈንገሱ ቆዳውን ሲያበላሽ የጨው መጠኗ ይዛባና ልቧ ይቆማል። በዓለም ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን የጎዳ በሽታ ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ ቦታ ይወዳል። ማለትም ልክ እንደ ባሌ ያለ ቦታ።

በ2012 የወጣ ጥናት ፈንገሱ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በብዙ ዝርያዎች ላይ፣ በብዙ ቦታ መኖሩን አሳይቷል። ባሌም አለ። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ ባሌ ላይ በበሽታው የሞተ ወይም የሚያጣጥር እንቁራሪት አላገኙም። ስለዚህ ለመቀነሱ ዋናው ተጠያቂ የመኖሪያው መበላሸት ነው ብለው ነው ያስቀመጡት። ይህን የምለው ሰው «በሽታ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ነው። የተጎዳ መኖሪያ ላይ በሽታ ሲጨመር ግን አደጋው ይብሳል።

ከእኛ የሚጠበቅ ቀላል ነገር አለ። ከአንድ ጅረት ወደ ሌላ ጅረት የምትሄዱ አስጎብኚዎች፣ ተማሪዎች፣ ዓሣ አጥማጆች፦ ጫማችሁ ላይ ያለውን ጭቃ መጀመሪያ በብሩሽ አራግፉ። ከዚያ በውሃ በቀጠነ በረኪና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። ይህን ሁሉ ከጅረቱ ራቅ ብላችሁ አድርጉት፣ የበረኪናው ውሃ ወንዝ ውስጥ እንዳይገባ። በረኪና ራሱ እንቁራሪት ይገድላል። እንቁራሪትም በባዶ እጅ አትያዙ፣ ለልጆቻችሁም ንገሯቸው።

ያሬድ 22

ሁሉንም አነበብኩ፣ አከብራችኋለሁ። ግን በግልጽ ልናገር። ሰው ሥራ አጥቶ፣ ኑሮ ተወዶ፣ ድርቅ እየመጣ ስለ ሁለት ሳንቲሜትር እንቁራሪት ገንዘብ ማውጣት ይከብደኛል። ብትጠፋ ምን ይጎድላል?

ሜላት ሀዋሳ

ያሬድ ጥያቄህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፣ ስላነሳኸው ጥሩ ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። የሪራ ልጅ የጻፈውን ደግመህ አንብበው ግን። እንቁራሪቷ የምትኖርበት ምንጭና ሰው የሚጠጣው ምንጭ አንድ ነው።

የሪራ ልጅ

ያሬድ ወንድሜ፣ ከባሌ የሚወርደው ውሃ ገናሌን፣ ዋቢ ሸበሌን፣ ወይብን ይመግባል። ታች ቆላ ያለው፣ ሶማሌ ክልል፣ ከዚያም ሶማሊያ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በዚህ ውሃ ነው የሚኖረው። የላይኛው ደን ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ያ አስታ ሲነድ፣ ያ ምንጭ ሲረገጥ መጀመሪያ የምትጠፋው እንቁራሪቷ ናት። ቀጥሎ የሚደርቀው የኛ ውሃ ነው። ስለዚህ ለእንቁራሪት የወጣ ገንዘብ ለሰው አልወጣም ማለት አይደለም። ጫካው ካለ የደን ቡናችንም አለ፣ ማራችንም አለ።

ለሁለተኛው ጥያቄህ ደግሞ፣ ብትጠፋ የሚጎድለው እሷው ናት። እግዜር እዚህ ብቻ ነው ያስቀመጣት። ይሄ ለኔ ይበቃኛል።

ያሬድ 22

የውሃውን ነገር በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር። ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ለምን ይዘው ሌላ ቦታ አያራቧቸውም? እንደ አራዊት ማቆያ ያለ ቦታ።

ትዕግሥት ከዳሬሰላም

ያሬድ፣ እዚህ ታንዛኒያ ያንን ሞክረውታል፣ ታሪኩን ባጭሩ ልንገርህ። ኡድዙንግዋ ተራሮች ላይ ኪሃንሲ የሚባል ሸለቆ አለ። ፏፏቴው የሚረጨው ካፊያ በሚያርሰው ቁራሽ መሬት ላይ ብቻ የምትኖር ትንሽ ቢጫ ጉርጥ በ1996 ተገኘች። እንቁላል አትጥልም፣ ነፍስ ያላቸው ልጆች ትወልዳለች። በ2000 የኃይል ማመንጫ ግድብ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውሃ ወደ ተርባይኑ ተወሰደ፣ ካፊያው ቆመ። አምስት መቶ ያህል ጉርጦች ተይዘው አሜሪካ ወደሚገኙ የአራዊት ማቆያዎች ሄዱ። ሸለቆው ላይ ሰው ሠራሽ የውሃ መርጫ ተዘረጋ። ትንሽ አንሠራርተው ነበር፣ ከዚያ ኪትሪድም ታየ፣ በአንድ ጊዜ ወደቁ። በ2009 በተፈጥሮ ቦታዋ ጠፍታለች ተብሎ ታወጀ። በ2012 ማቆያ ውስጥ ከተራቡት መካከል ወደ ሸለቆው መመለስ ተጀመረ።

ጉርጧ በሕይወት አለች፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ምን ያህል ገንዘብ፣ ስንት ባለሙያ፣ ስንት ዓመት እንደፈጀ አስቡት። ያ ሁሉ ተደርጎም እስከ ዛሬ የካፊያው መሣሪያ ጠባቂ ይፈልጋል። ደግሞ ያቺ ጉርጥ የባሌዋ ማልኮልሚ ዘመድ ናት፣ ድሮ በአንድ ወገን ስር ነበር የሚመደቡት። የባሌዎቹ ጅረት ገና አለ። ገንዳና ቧንቧ ከዚያ ሁሉ በብዙ ይረክሳል።

የሐረና መንገደኛ

ትዕግሥት አመሰግናለሁ። ከዚህ በላይ የሚያሳምን ነገር የለም። ለማራባት ደግሞ መጀመሪያ ምን እንደምትበላ፣ እንዴት እንደምትራባ በደንብ መታወቅ አለበት። ኤሪካባትራከስ ተይዛ ስትቀመጥ ብትሞትስ? ከጥቂቶቹ ላይ ነው የምንቀንሰው። መጀመሪያ ቤቷ ይጠበቅ ነው የምለው።

ካሳሁን ጅማ

ባሌ ባሌ አላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን ምዕራቡም አይረሳ። ቢቢታ ተራራ ላይ በ2018 ክረምት ተመራማሪዎች አንዲት ወርቃማ ቀለም ያላት ደቃቃ እንቁራሪት አገኙ፣ በ2019 በተራራው ስም ተመዘገበች። ወንዱ 17 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ ደን ውስጥ ሄደው ሲፈልጉ ነው የተገኘችው። ያልተፈለገበት ስንት ደን አለ?

ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ውስጥ እግር የሌለው አምፊቢያን አለ። ሲልቫሲሲሊያ ይባላል፣ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቢያየው ትልቅ የምድር ትል ወይም እባብ ይመስለዋል፣ በዚያ ምክንያት በአካፋ ይገደላል። ገበሬዎቻችን አፈር ውስጥ ተቀምጦ ማንንም አይነካም ብለው ቢያውቁ ጥሩ ነው። ቀንድ አውጣ የሚበሉ እንቁራሪቶችም አሉን፣ ፓራካሲና የሚባሉ፣ የደጋ ብርቅዬዎች ናቸው። እንሰት ባለበት አካባቢ የምትገኝና በእንሰት ስም የተጠራች ትንሽ እንቁራሪትም በ1974 ተመዝግባለች።

እኛ ዘንድ ችግሩ ደኑ ለሻይና ለቡና እርሻ ሲመነጠር፣ ረግረጉ ሲደርቅ፣ ባህር ዛፍ ሲተከልበት ነው። ያዩ፣ ከፋና ሸካ በዩኔስኮ የተመዘገቡ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች ናቸው። ሲመዘገቡ ስለ ቡናው ብዙ ተባለ። እንቁራሪቶቹ ግን ቡናው ስር ባለው እርጥብ ቅጠል ውስጥ ናቸው።

ሜላት ሀዋሳ

እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ስልክ ግን አለኝ። ምን ላድርግ?

መምህር አስናቀ

ሜላት፣ ድምፅ ቅጂ። እንቁራሪትን ከመልኳ ይልቅ በድምፅዋ መለየት ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ ወንዱ ነው የሚጮኸው፣ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ዜማ አለው። ምሽት ላይ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ስልክሽን ወደ ድምፁ አዙረሽ አንድ ደቂቃ ያህል ቅጂ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፊ። አይናቹራሊስት የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ ፎቶም ድምፅም ይቀበላል፣ ባለሙያዎች አይተው ይለዩታል። ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ አያሳይም፣ ያ ጥሩ ጎኑ ነው።

ፎቶ ስታነሺ ግንድ ወይም ድንጋይ ብታገላብጪ እንደነበረ መልሺው። ስሩ ያለው እርጥበት ከደረቀ እዚያ የነበረው ሁሉ ይሄዳል። ጎብኚዎች ግንዱን ገልብጠው ጥለውት ሲሄዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያመኝ።

ተማሪዎችም ካሉ አራት ኪሎ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንዲያዩ ምከሯቸው። በ1970ዎቹ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማልኮልም ላርገን ነው ብዙዎቹን ብርቅዬ እንቁራሪቶቻችንን ያስመዘገበው። ዛሬ ያንን ሥራ የሚቀጥሉ የራሳችን ልጆች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። የዱር እንስሳት ትምህርት ለመማር የሚመጣው ልጅ ሁሉ ስለ ትልልቆቹ ነው ማጥናት የሚፈልገው። አንድ ሁለቱ ወደ እንቁራሪት ቢያዘነብሉ ትልቅ ለውጥ ነው።

የሪራ ልጅ

አንድ ሐሳብ። ይህ ሁሉ በአማርኛ ተጽፎ እዚህ ቢቀር እኛ መንደር አይደርስም። አንድ ገጽ የምትሆን ጽሑፍ፣ የእነዚህ የባሌ እንቁራሪቶች ሥዕል ያለባት፣ በኦሮምኛ ብትዘጋጅ እኔ ለትምህርት ቤቱም፣ ለአባ ገዳዎቹም፣ ለንብ አናቢዎቹ ማኅበርም አደርሳለሁ። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ናቸው። ጅረቱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ተመራማሪ ሳይመጣ እንቁራሪቷን የሚያዩትም እነሱ ናቸው።

የሐረና መንገደኛ

ተስማምተናል። ጽሑፉን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። መምህር አስናቀ፣ ከተመቸዎት የበሽታውንና የበረኪናውን ክፍል እርስዎ ይጻፉልኝ፣ ከላይ እንዳስቀመጡት ሆኖ ትንሽ አጠር ይበል። ካሳሁን፣ የምዕራቡን ለብቻው ብናደርገው ይሻላል፣ የእግር አልባውን ሥዕል ፈልግልን። ኦሮምኛውን የሪራ ልጅ አንተው ብትመለከተው ደስ ይለኛል፣ የቦታና የዛፍ ስሞቹን ከኛ በላይ ታውቃቸዋለህ።

የሪራ ልጅ

ላክልኝ። የገንዳውንም ነገር በአንድ ምንጭ ላይ ለመጀመር ቀበሌውን አነጋግራለሁ። ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ከምንጩ ገንዳው ድረስ 50 ሜትር ቢሆን ስንት ኢንች ነው የሚያስፈልገው? ቁልቁለት ነው።

ያሬድ 22

እኔ የውሃ መስመር ሥራ ላይ ነኝ። ምንጩ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያወጣ በባልዲና በሰዓት ለካና ንገረኝ፣ የከብቱንም ቁጥር። ያን ካወቅሁ የቧንቧውን መጠንና ዋጋውን አስልቼ እልክልሃለሁ። ገንዳውን ስትሠሩ ደግሞ ትርፉ ውሃ ሜዳ ላይ ፈስሶ ጭቃ እንዳያደርግ ወደ ጅረቱ የሚመልስ ቦይ ተዉለት፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ደርድሩበት።